ሹራብ መተርተር ክስረት አይደለም

ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በቆሎና በርበሬ በሚመረትበት አገር መካከል ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ጥጥ ባዝታ፣ እንዝርት እያሾረች የምትፈትል እናት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የሹራብ ሥራ ግን ለብዙዎቹ ልጃገረዶች አዲስ ሙያ ነው። ሁለት መርፌና አንድ ልቃቂት ክር የያዘች ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከታገሠች ሙያውን ትይዛለች፤ ካልታገሠች መርፌውን ጥላ ትሄዳለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በእነዚህ ሳምንታት የማኅበራት መሪዎች ድርሻ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ የገጠር ቀበሌ ተቋቁሞ የነበረ የልጃገረዶች የሹራብ ቡድን በሦስተኛው ሳምንት ሲበተን አይቻለሁ። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። ነገር ግን በየስብሰባው «ስንት ሹራብ ተሠራ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብላቸው ነበር። በእጃቸው ያለው የተጣመመና ቀዳዳ የበዛበት ቁራጭ ብቻ ስለነበረ አፈሩ፤ አንድ በአንድም ቀሩ። የተገዛው ክር ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። እኔም የልማት ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ ጥያቄው ያለ ጊዜው የመጣ መሆኑን አላስረዳሁም። ከዚያ በኋላ ነበር መርፌውን ራሴ ይዤ ለመሞከር የወሰንሁት።

ከእርሻ የምናውቀው

ገበሬ ልጁን እርፍ ሲያስጨብጥ ለዘር የተዘጋጀውን የጤፍ ማሳ አይሰጠውም። ገና በመጀመሪያው እርሻ ላይ፣ ከማሳው ዳር ያስጀምረዋል። ፈሩ ቢጣመም፣ በሬዎቹ ቢያፈነግጡ እርፉን አይነጥቀውም። ማሳው ተደጋግሞ ስለሚታረስ ጥፋቱ በሚቀጥለው ዙር ይስተካከላል። በዚያ ሳምንት ስንት ኩንታል አመረትህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

የሹራብ ትምህርትም እንዲሁ ነው። በመቀስ ተሳስቶ የተቆረጠ ጨርቅ ወደ ቀድሞው አይመለስም። የተበላሸ ሹራብ ግን የክሩ ጫፍ ሲሳብ ይተረተራል፤ ክሩም ተመልሶ ይጠቀለላል። በመሆኑም አንድ ልቃቂት ክር አንዲትን ጀማሪ ደጋግሞ ሊያስተምር ይችላል። መተርተር የክር ብክነት ሳይሆን የትምህርቱ አንዱ ክፍል መሆኑን መሪዎች ቢረዱት፣ ልጃገረዶቹም አያፍሩበትም።

አጀማመሩ

ለጀማሪ የሚስማማው ወፈር ያለና ቀለሙ ፈካ ያለ ክር ነው። ጥቁር ክር ቀለበቶቹን ስለሚሰውር በተለይ በኩራዝ ብርሃን ዓይንን ያደክማል። በአካባቢው ያለው የዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር በመሆኑ፣ እንደ መንዝ በግ ለባናና ለበርኖስ የሚሆን ፈትል አይገኝበትም። ስለዚህ ክር መግዛት ግድ ቢሆንም፣ ለልምምድ ሁለት ወይም ሦስት የጥጥ ፈትል አንድ ላይ ገምዶ መጠቀም ይቻላል። መርፌውንም ከአዊ ደጋ ከሚገኘው ቀርከሃ ፍቆና አለስልሶ ማዘጋጀት አያስቸግርም።

መጀመሪያ በመርፌው ላይ 20 ቀለበት ብቻ መሥራት ይበቃል። አንዱ ረድፍ ባለቀ ቁጥር ቀለበቶቹ ይቆጠራሉ። 19 ከሆኑ አንዱ አምልጧል፤ 21 ከሆኑ ክሩ ያለ ቦታው ተጨምሯል ማለት ነው። ስሕተቱን በዚያው ረድፍ ላይ ያገኘች ጥቂት ብቻ ትተረትራለች። ሳትቆጥር የሄደች ግን የግማሽ ቀን ሥራዋን ታፈርሳለች። አንድ ስንዝር ያህል ቀጥ ያለ ቁራጭ መሥራት ሲቻል ወደ አንገት ልብስ፣ ከዚያም ወደ ሕፃን ቆብ ይታለፋል። እጅጌና አንገት ያለው ሹራብ የመጨረሻው ነው።

የጀማሪ ሁሉ ትልቁ ችግር ክሩን ማጥበቅ ነው። ቀለበቱ እንዳያመልጠኝ በማለት አጥብቄ ስስብ መርፌው አልገባ ብሎኝ፣ ጣቶቼም ደርቀው ነበር። አጠገቤ ይፈትሉ የነበሩ አንዲት እናት ይህን አይተው፣ «ልጄ፣ ክሩን አታንቀው፤ የፈራ እጅ አይሠራም» አሉኝ። እሳቸው ሹራብ አይሠሩም። ነገር ግን ልጃገረድ ስትፈትል ክሩ ደጋግሞ እንደሚበጠስባት፣ ጫፍና ጫፉን ቀጥላ እንደምትቀጥል፣ ወፍራሙም ፈትሏ ለቡልኮ እንደሚውል ያውቃሉ። እጄን ላላ ሳደርግ መርፌው ገባ።

ሙያው የሴት ብቻ አይደለም

በአገራችን ሴቷ ትፈትላለች፤ በአብዛኛው ሸማኔው ወንድ ነው። ሹራብንም ለሴት ብቻ የተሰጠ ሙያ አድርጎ ማየት አያስፈልግም። በፔሩ አገር፣ በቲቲካካ ሐይቅ መካከል በምትገኘው በታኪሌ ደሴት ሹራብ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው። ልጆች ከትንሽነታቸው ይጀምራሉ፤ አባቶችም የሚያደርጉት ቆብ በእጃቸው የተሠራ ነው። ዩኔስኮ ይህን የደሴቲቱን ጥበብ በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ድንቅ ባህላዊ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል። የእኛም ከብት ጠባቂ ልጆች ቢማሩት የሚያሳፍር አይሆንም።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ትምህርቱ በአዝመራ ወቅት ሳይሆን እህል ተወቅቶ ከገባ በኋላ ቢጀመር ይመረጣል። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ከማስቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ማለማመድ ይሻላል። ሹራብ እንደ ሸማኔ ዕቃ ቦታ አይዝም፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠበቅም ይሠራል። ውኃ የምትቀዳና እንጨት የምትለቅም ልጃገረድ ግን ያችን ግማሽ ሰዓት የምታገኘው ቤተሰቧ ሲፈቅድላት ስለሆነ፣ መሪዎች ወላጆችን ማነጋገር አለባቸው። ሦስተኛ፣ ገና ከጅምሩ የገበያ ተስፋ መስጠት አይገባም። የመጀመሪያው ቆብ በቤት ላለው ሕፃን ይሁን። አራተኛ፣ በመጀመሪያው ወር የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ሹራብ ተሠራ?» ሳይሆን «ስንት ልጆች መጡ? ክር የጎደለባት አለች ወይ?» የሚል መሆን ይኖርበታል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ዛሬ የተጣመመው ቁራጭ ነገ ቀጥ ይላል። ያ የተበተነ ቡድን ክር አልጎደለውም ነበር። የጎደለው፣ «ተርትረሽ እንደገና ጀምሪ፣ አይዞሽ» የሚል ሰው ነበር።