ለሴት ልጆቻችን የታገሉ የሕግ ባለሙያ

በመካነ ሰላም ወይም በወግዲ ያለች እኅትሽ «ልጄ ለጋብቻ ተጠየቀች» ብላ መልእክት ብትልክልሽ ምን ትመክሪያታለሽ? መልስ ከመስጠትሽ በፊት የአንዲት የሕግ ባለሙያን ሥራ እናስታውስሽ።

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከ1981 እስከ 1984 ዓ.ም. የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ቀጥሎም የሕገ መንግሥት አርቃቂው ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆኑ። የምክር ቤት ወንበር ባይዙም፣ ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ባቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አማካይነት ሕጉ እንዲሻሻል ታግለዋል። ማኅበሩ ለተበደሉ ሴቶች ያለ ክፍያ ጥብቅና ይቆም ነበር።

ትግሉ ስለ ምን ነበር? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያመልጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ይህንኑ ደነገገ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ ጠላፊ ልጅቱን ቢያገባም ከቅጣት አይድንም።

ወይዘሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል።

ይሁን እንጂ ሕጉን የሚያውቅ ዘመድ ከሌለ ልጅቱን ማን ያስጥላታል? እንግዲያው ጠላው ሳይጠነሰስ ለእኅትሽ ድረሽላት። «18 ዓመት ሳይሞላት አትዳሪያት፤ ከትምህርቷም አታስቀሪያት። በጉልበት የሚወስዳት ቢኖር ከሽማግሌ በፊት ለፖሊስ አመልክቺ» በያት።