ባጃጅና የማይታየው ሦስት ማዕዘን

ስለ ሞተር ሳይክል ሲወራ ወሬው ሁሉ የሚያደላው ወደ ከባዶቹ ነው። ሐርሊ ዴቪድሰን ፋት ቦይን እንውሰድ፤ በ45 ዲግሪ የተከፈቱ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር፣ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ግሩም ማሽን ነው፤ አልቀናበትም። ግን ቢበዛ የሚጭነው ሁለት ሰው ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ተሰልፎ ወረፋ የሚጠብቀው ባጃጅ ባዶውን ሲመዘን ክብደቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሞተሩ ግን ከዘጠኝ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፦ 198.88 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር። በዚህች ሞተር ሹፌሩንና ሦስት ተሳፋሪ፣ ከእግራቸው ስር ደግሞ የማንጎ ካርቶንና የበርበሬ ጆንያ ይዞ ቀኑን ሙሉ ከሆስፒታል ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ ይመላለሳል። እሱን ግን ማንም ዞሮ አያየውም፣ ማንም አይጽፍለትም።

መሠረታዊውን ነገር የአካባቢው ልጅ ሁሉ ስለሚያውቀው ባጭሩ ልለፈው። መሪው የሞተር ሳይክል እጀታ ነው። በግራ እጅ ፍሪሲዮን ተይዞ አንጓ በማዞር አራት ማርሽ ይገባል፤ የኋላ ማርሹ የራሱ ማንሻ አለው። በቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሬኑ በእግር ነው፣ ሞተሩ ከኋላ ነው።

የዘር ሐረጉ ግን ሊታወቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ ከቬስፓ ሞተር ሳይክል ኋላ ላይ ሁለት ጎማና መጫኛ አድርጎ አፔ የተባለውን ባለ ሦስት እግር ለገበያ አወጣ። የንድፉ ባለቤት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ በ1930 ሄሊኮፕተር ሠርቶ ክብረ ወሰን ያስመዘገበ ሰው ነው። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1959 ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ለማምረት ከመንግሥቱ ፈቃድ አገኘ፤ መጀመሪያ የሠራውም በፒያጆ መንገድ ነበር። ከከባዶቹ ሞተር ሳይክሎችም ጋር ቢሆን ዝምድና አለው። ሐርሊ ዴቪድሰን ራሱ ከ1932 እስከ 1973 ሰርቪ ካር የተባለ ባለ ሦስት እግር ያመርት ነበር፤ የአሜሪካ ፖሊሶች ለዓመታት ነድተውታል። በዴልሂ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የጦር ሠራዊት ሐርሊዎች ኋላቸው ተቆርጦ፣ ሁለት ጎማና አግዳሚ ወንበር ተገጥሞላቸው፣ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሕዝብ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ስለዚህ ባጃጅን እንደ ተቆረጠ መኪና የሚያይ ሰው ተሳስቷል። ባጃጅ ሰው እንዲሸከም የተደረገ ሞተር ሳይክል ነው፤ ጠባዩም የሞተር ሳይክል ነው።

ትንሿ ሞተር ይህን ሁሉ ክብደት እንዴት ትጎትታለች? ምሥጢሩ ማርሽ ላይ ነው። በአንደኛ ማርሽ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ደጋግሞ ይዞራል፤ በፍጥነት የሚያጣውን በጉልበት ያገኘዋል። ፍጥነት ደግሞ ለከተማ አያስፈልገውም። በዚያ ላይ የእኛ ሀገር አየር ቀጭን ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በስድስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ሲተነፍስ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካርቡሬተሩ ግን ከፍታን አያውቅም፤ ለባሕር ጠረፍ በተለካለት መጠን ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። የማውቀው መካኒክ የመጣለትን ባጃጅ ሁሉ መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ያያል። ጥቀርሻ ለብሶ ከጠቆረ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ባጃጅ ቤንዚን እየበላ እንጂ እየጠጣ አይደለም» ይለኛል። የቡና ዱቄት የመሰለ ፈዛዛ ቡኒ ሲሆን ይስቃል። ሹፌሮቻችን ጉልበት ሲያጡ ነዳጅ ይጨምራሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ካንዴላው መታየት፣ የአየር ማጣሪያውም መራገፍ ነበረበት።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሞተር ሳይክል ሞተር ፊት ለፊት ተጋልጦ ነፋስ ይመታዋል፤ ባጃጅ ሞተሩን ከኋላ ደብቆ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የራሱ ማራገቢያ አለው። ማራገቢያው አየር ስቦ፣ በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ፣ በሲሊንደሩ ክንፎች ላይ ይነፋዋል። ያ ሽፋን ለጌጥ የተሠራ አይደለም። «ይንኳኳል» ተብሎ ተፈትቶ የተጣለ ሽፋን አይቻለሁ፤ የሲሊንደሩ ክንፎች በጭቃና በዘይት ተሞልተው ግድግዳ የሆኑበትም ሞተር አይቻለሁ። ከዚያ ፒስተኑ ሲይዝ «የህንድ ዕቃ» ይባላል። ሽፋኑን የፈታው ሰው ነው መወቀስ ያለበት።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። ባጃጅ ስለሚገለበጥ ክፉ ስም አለው። ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያወቀ ይመስለዋል፦ ሦስት እግር ስለሆነ ነው ይላል። ሦስት ጉልቻ ከነድስቱ ጸንቶ ሲቆም ለዘመናት ያየ ሕዝብ ይህን ማለቱ ይገርመኛል። ጥያቄው እግሮቹ ስንት ናቸው ሳይሆን ክብደቱ የት ላይ አርፏል ነው።

ባጃጅ ቆሞ ሳለ ሦስቱ ጎማዎች መሬት የነኩበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ምልክቶቹን በመስመር አገናኙ። ሦስት ማዕዘን ታገኛላችሁ። ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማዎቹ ሁለት ሜትር ነው፤ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1.15 ሜትር አካባቢ ነው። ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ሹል። ባጃጁ ከነጫነው ሰው የክብደቱ ማዕከል በዚህ ሦስት ማዕዘን ውስጥ እስካለ ድረስ አይወድቅም። ወደ መስመሩ በተጠጋ ቁጥር አደጋው ይቀርባል።

እንግዲህ ስፋቱን እንለካ። ከኋላ ጎማዎቹ ግማሽ ሜትር ወደፊት ስትሄዱ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት 86 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር ስትሄዱ 57 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይቀራል። አንድ ሜትር ተኩል ላይ 29 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ተሳፋሪዎቹ የሚቀመጡበት የኋላ ወንበር ከጎማዎቹ ብዙም ሳይርቅ ሰፊው ክፍል ላይ ነው። ሹፌሩ ግን ከኋላ ጎማዎቹ አንድ ሜትር ያህል፣ አልፎም ወደፊት ነው የሚቀመጠው። እዚያ ቦታ ላይ ከመሃል ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ያለው ስፋት 29 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሹፌሩ ራሱ መሃል ላይ ስለሚቀመጥ ችግር የለበትም። ከጎኑ ተለጥፎ በአንድ መቀመጫው የሚሄደው አራተኛው ተሳፋሪስ? የሰውነቱ መሃል ከባጃጁ መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል።

ይህ ማለት ያ ሰው ለሚያየው ባጃጁ ውስጥ ያለ ቢመስልም፣ በክብደቱ ግን ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ ነው የተቀመጠው። ባጃጁን ከውጭ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን እንደሚጎትት ሰው ነው የሚቆጠረው። በዝግታና በቀጥታ መንገድ ሞተሩና የኋላ ተሳፋሪዎች በክብደታቸው ይዘው ያቆዩታል። መታጠፊያ ሲመጣ ነው ሒሳቡ የሚወራረደው። ከኋላ አራት ሰው ቢጣበቅ አይመችም፣ ሕግም አይፈቅደውም፣ ግን አራተኛው ከፊት ከተቀመጠ የባሰ ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሹፌሮች አያምኑኝም፤ «ከኋላ ከጫንኩ ፊቱ ይቀለኛል» ይላሉ። ለመሪ አያያዝ እውነት አላቸው። ለመገልበጥ ግን ተቃራኒው ነው።

መታጠፊያው ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባጃጁ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ሹፌሩ በዚያው ቅጽበት ፍሬን ከያዘ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል። ሁለቱ ሲደመሩ አቅጣጫው ወደ ፊትና ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ አንድ የፊት ማዕዘን ይሆናል። መኪና በዚያ ማዕዘን ላይ ጎማ አለው፤ ይደግፈዋል። ባጃጅ እዚያ ምንም የለውም። ስለዚህ ባጃጅ የሚገለበጠው በፍጥነት በመሄዱ ብቻ ሳይሆን እየታጠፈ ፍሬን በመያዙም ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፍሬን ቀጥታው ላይ ይያዝ፣ ማርሽ ይቀነስ፣ ከዚያ ይታጠፍ፤ መታጠፊያው መሃል ሲደረስ ጥቂት ነዳጅ ሲሰጥ ክብደቱ ተመልሶ ወደ ሰፊው ክፍል ይሄዳል። ከዋናው አስፋልት ወደ ኮብልስቶን ሲገባ፣ ፍየል ወይም ሕፃን ድንገት ሲወጣ፣ ይህ ልማድ ሕይወት ያተርፋል። መንጃ ፈቃድ ሲሰጥ ከሁሉ በፊት መፈተን ያለበት ይህ ይመስለኛል።

የህንድ መሐንዲሶች ይህን ያውቁ ነበር። የቀድሞዎቹ ባለ ሦስት እግሮች ሞተር ከሹፌሩ መቀመጫ ስር ነበር፤ ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ1977 ሞተሩን ወደ ኋላ አዛወረው። በዚያ ውሳኔ ከባዱ ብረት ሁሉ ሰፊው ክፍል ላይ አረፈ፣ የሚገፉት ጎማዎችም መሬት ቆንጥጠው ለመያዝ ክብደት አገኙ። እኔ ይህን ማሽን የምወደው በዚህ ውሳኔ ነው። እኛ ደግሞ ለአንድ ሰው ሒሳብ ስንል ክብደቱን መልሰን ወደ ፊት እናመጣዋለን።

የጭነቱ ከፍታም ነገር አለ። ቡሬ ላይ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ሦስት ጆንያ ጣራ ላይ ሲያስጭኑ አገኘኋቸው። «እትዬ፣ ከእግርዎ ስር ቢያደርጉት አይሻልም?» አልኳቸው። «በርበሬ መች ይከብዳል ልጄ፣ አቧራውስ ቢሆን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በርበሬ ለመጠኑ ቀላል ነው፣ ታሽጎ አብሮ መቀመጥም ያስነጥሳል። ግን ወለል ላይ ያለ አንድ ጆንያ ባጃጁን ወደ መሬት ይስበዋል፤ ጣራ ላይ ያለው ያው ጆንያ ደግሞ እያንዳንዱን መታጠፊያ ያከብደዋል። በተለይ በቆሎ ሲሆን ጣራ ላይ በጭራሽ መውጣት የለበትም። ሹፌሩ ሰማኝ፤ ሁለቱን አውርዶ ከወንበሩ ፊት ወለሉ ላይ አጋደማቸው፣ አንዱን ግን እዚያው ተወው።

የገጠሩን መንገድ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ባጃጅ እንደ መኪና ዲፍሬንሻል አለው። ከጅጋ ወይም ከማንኩሳ ወደ ቀበሌዎች በሚያስገባው መንገድ በክረምት አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ከገባ ጉልበቱ ሁሉ ወደሚንሸራተተው ጎማ ይሄዳል፣ ደረቅ መሬት ላይ ያለው ዝም ብሎ ይቆማል። ነዳጅ መስጠት ጉድጓድ መቆፈር ነው። ወርዶ ከጭቃው ጎማ ስር ድንጋይ ማስገባት፣ በዚያው ጎማ በኩል መጫን፣ ከዚያ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውጣት ይበጃል።

አሁን የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግሮች እየመጡ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወሬያቸው በዝቷል። ለሚገዛ ሰው የምመክረው፣ በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ከመጠየቁ በፊት ጎንበስ ብሎ ባትሪው የት እንደተቀመጠ እንዲያይ ነው። ባትሪ ከባድ ነው። ከኋላ ወንበር ስር፣ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ ጎማዎች አቅራቢያ ከተቀመጠ ከቤንዚኑ ባጃጅ የበለጠ የረጋ ይሆናል። ከሹፌሩ ስር ከሆነ ግን ዋጋው ቢረክስም ሌላ ይፈልግ።