ያልተዘጋው ቀለበት፦ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ

በነቀምቴ ደም ባንክ የሚለገስ ደም ለሕሙማን ከመድረሱ በፊት ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለሄፓታይተስ ቢ ይመረመራል። ከአራቱ ብዙ የተወራለት ኤችአይቪ ነው። በኢትዮጵያ በስርጭት የሚበልጠው ግን ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ መጠኑን 7.4 በመቶ አድርሶታል። ጤነኛ ነኝ ብሎ ክንዱን የዘረጋ ለጋሽ ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቀው እዚያው ሊሆን ይችላል።

ሄፓታይተስ ቢ እንደ ፈንጣጣና እንደ ኸርፐስ የዲኤንኤ ቫይረስ ነው። እንደ ማንኛውም ቫይረስ የሚራባው በሌላ ፍጡር ህዋስ ውስጥ ነው።

አረባቡ ግን ልዩ ነው። ሙሉ ዘረመሉ 3,200 ያህል ፊደላት ብቻ ሲሆን የሰው ልጅ ዘረመል ከሦስት ቢሊዮን ያልፋል። ወደ ጉበት ህዋስ ይዞት የሚገባው ዲኤንኤ ያልተጠናቀቀ ቀለበት ነው፤ ከሁለቱ ክሮች አንዱ አጭር ነው። ጉድለቱን የሚሞላለት የተያዘው ሰው ህዋስ ራሱ ነው። በአስኳሉ ውስጥ የተጎዳ ዲኤንኤ የሚጠግኑ ኢንዛይሞች ቀለበቱን ይዘጉታል፤ የተዘጋውም ቀለበት እዚያው ይቀመጣል።

ህዋሱ ከዚህ ቀለበት እየቀዳ አርኤንኤ ያመርታል። ከሚመረቱት ረጃጅም አርኤንኤዎች አንዱ በፕሮቲን ቅርፊት ይታሸግና በቫይረሱ ኢንዛይም አማካይነት ተመልሶ ዲኤንኤ ይሆናል። ከአርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ የኤችአይቪም ጠባይ ስለሆነ ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ለሁለቱም ያገለግላል። መድኃኒቱ ግልበጣውን ይገታል እንጂ ቀለበቱን አያጠፋም። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብሎ ሐኪሙን ሳያማክር የሚያቋርጥ ሰው በገዛ ጉበቱ ላይ እየፈረደ ነው፤ ቫይረሱ ሊያገረሽበት ይችላል።

ብዙ ሰው ቫይረሱ ጉበትን የሚበላ ይመስለዋል። ጉበትን በዋናነት የሚያቆስለው ግን የሰውነት የራሱ መከላከያ ነው፤ የተያዙትን ህዋሳት ለይቶ ያጠፋልና። ጤነኛ አዋቂ ሲያዝ ይህ ጦርነት ፈጣንና ብርቱ ይሆናል። ዓይን ቢጫ ሊሆን፣ ሽንትም ሊጠቁር ይችላል፤ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ግን በራሳቸው ይድናሉ። በወለጋም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ከሌሊት ወፍ ይመጣል ለሚባለው የወፍ በሽታ የሚሰጠው የሥርና የቅጠል መድኃኒት ስሙ የገነነው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውነት ላሸነፈው ውጊያ ምስጋናውን ቅጠሉ ወሰደው። አንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ራሱ ጉበትን ይጎዳል።

እውነተኛው አደጋ ዓይኑ ቢጫ ያልሆነው ሰው ጋ ነው። ከእናቱ በወሊድ ጊዜ ቫይረሱን የወሰደ አራስ መከላከያው ገና ስላልጠነከረ ውጊያው አይነሳም። ከእነዚህ ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን ዘመናቸውን ይዘውት ይኖራሉ። ያልጠራ፣ የተቆራረጠ ውጊያ ለዓመታት ሲቀጥል ጉበት ይጠባበሳል፤ በጎልማሳነት ዕድሜም ካንሰር ሊከተል ይችላል።

ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከሰውነት ውጪ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል፤ ምላጭ መዋዋስና ባልተቀቀለ ስለት እንጥል ማስቆረጥ የሚያስወቅሱት ለዚህ ነው። አብሮ በመብላት ግን አይተላለፍም። የታመመን ዘመድ ከማዕድ የሚያገልሉ ሰዎች ያለ ምክንያት ይበድሉታል።

የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ወለጋ ለቅድመ ወሊድ ክትትል የመጡ ነፍሰ ጡሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ቫይረሱን አግኝተዋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከሌሎች ክትባቶች ጋር በጥምር ለሕፃናት የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተወለዱ በስድስተኛው ሳምንት ይጀምራል፤ በወሊድ ሰዓት ለተላለፈ ቫይረስ ግን ይህ ዘግይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው መጠን ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ ክትትል የምታደርግ እናት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራን ስሙን ጠርታ ትጠይቅ። ቫይረሱ ከተገኘባት የሕፃኑን ክትባት ከምጡ በፊት ከአዋላጆቹ ጋር ትነጋገርበት።