ሰርግ ቤት ሽንኩርት መክተፍ ከመጻፍ ለምን ይቀላል?

እህታችን ግንቦት ላይ ስታገባ ከእኛ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሁለት ገጽ ጽሑፍ። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። "የመልሱ ቀን ስለ አባዬ የሆነ ነገር ጽፋችሁ አንብቡልኝ፤ ሥራችሁ መጻፍ አይደል?" አለችን። እሺ አልን። ሁለት ወር ነበረን።

በነዚያ ሁለት ወራት ያልሠራነው የለም። ከእድሩ ድንኳንና ወንበር ጠየቅን። የጥሪ ካርድ አሳትመን ሰፈር ለሰፈር አደልን። ለሐበሻ ልብሱ ሽሮ ሜዳ ሦስቴ ተመላለስን፤ ሦስተኛው እንኳን ባይኖርም ይቻል ነበር። በርበሬ ቀነጠስን፣ ጌሾ ገዛን። ጽሑፉ ግን ከርዕሱ አላለፈም። ስልካችን ላይ "ስለ አባዬ" ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ነው።

ታዲያ ይሄ ስንፍና ነው? ሰነፍ ሰው እኮ በጠዋት ተነስቶ በርበሬ ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት አይሰለፍም። ሌላ ነገር አለ።

የምንሸሸው ሥራውን አይደለም

ዛሬ ነገ ማለት ለብዙዎቻችን የሰዓት አጠቃቀም ችግር ይመስለናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፉሺያ ሲሮይስ እና ቲሞቲ ፒቺል እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ግን ነገሩን ከስሜት ጋር ነው ያያያዙት። የምንሸሸው ሥራው የሚቀሰቅስብንን ስሜት ነው፦ መሰላቸት፣ "ባይሳካስ?" የሚል ፍርሃት፣ አንዳንዴም ሐዘን። ሥራውን ስንተወው ወዲያው ቀለል ይለናል። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው፤ ያቺን እፎይታ ስለለመድናት በሚቀጥለው ቀንም እንተወዋለን። ዕዳውን የምንከፍለው በኋላ ነው።

መጻፍ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ሽንኩርት ስትከትፉ ሳፋው ሲሞላ ታያላችሁ፤ ያልቃል፣ ትነሳላችሁ። ጽሑፍ ላይ ግን ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ አንድ አንቀጽ ልታጠፉ ትችላላችሁ። አለቀ የሚላችሁ የለም። ሲያልቅ ደግሞ ሰው ያነበዋል፣ ይፈርድበታል።

ሰርግ ምቹ መደበቂያ ነው

ቲክቶክ ላይ ሁለት ሰዓት ብናጠፋ ራሳችንን እንወቅሳለን። ሰርግ ቤት ስንላላክ ብንውል ግን "ተባረኩ! ለእናንተም ያድርግላችሁ!" ነው የምንባለው። እየሸሸን መሆናችን ለሌላው ቀርቶ ለራሳችንም አይታወቀንም።

አሜሪካዊው የስታንፎርድ ፈላስፋ ጆን ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለዚህ ነገር አጭር ጽሑፍ ጽፏል። ዛሬ ነገ የሚል ሰው ሥራ ፈት አይደለም፣ ከዋናው ሥራ እስካስመለጠው ድረስ ብዙ ጠቃሚ ነገር ይሠራል ነው የሚለው። ስለዚህ ይህን ጠባይ ተጠቀሙበት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ የሚያስቁ፣ ቀጥሎ የሚያሳስቡ ሥራዎች የሚሸለሙበትን ኢግ ኖቤል አግኝቶበታል። ግን ዘዴው የሚሠራው ዋናው ሥራ ትንሽ ቢቆይ ጉዳት ከሌለው ነው። የመልስ ቀን ደግሞ አይቆይም።

ለተመራቂዎች የቀን መቁጠሪያውም አያግዝም። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ሰርግ በጾም ስለማይደገስ፣ ብዙው ድግስ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም፣ ከዚያም ከፋሲካ እስከ ሐዋርያት ጾም ባለው ጊዜ ይታጨቃል። ይሄ ሁለተኛው ብዙ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ሰሞን ነው። "የእህቴ ሰርግ ነበር" የሚለው ምክንያት እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው አደገኛ የሚያደርገው።

ምን ይሻላል?

መጀመሪያ ስሜቱን በስሙ ጥሩት። "ጊዜ የለኝም" ከማለታችሁ በፊት "ምን ፈርቼ ነው?" በሉ። የኛ መልስ ቀላል ነበር፦ ስለ አባዬ መጻፍ ማለት አባዬ እንደሌለ መጻፍ ነው።

ሁለተኛ፣ "ማታ እጽፋለሁ" አትበሉ፤ ሰርግ ቤት ማታ የሚባል ነገር የለም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዳው "ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ መቁረጥ ሰዎች ያሰቡትን እንዲፈጽሙ ያግዛል። ለምሳሌ፦ "ጠዋት ቡናው ሲፈላ አምስት መስመር እጽፋለሁ።"

ሦስተኛ፣ ለአንድ ታላቅ ሰው ንገሩ። ሰርግ ቤት ውስጥ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ሰው የሚጫወት ነው የሚመስለው። ወጥ ቤቱን የምትመራው አክስታችሁ ካወቀች ግን "ተዉት፣ ሥራ ላይ ነው" ብላ ታስጥላችኋለች።

አራተኛ፣ ያለፈውን ለራሳችሁ ይቅር በሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የካናዳ የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናት አዘግይተው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለሚቀጥለው ፈተና ያዘገዩት ያነሰ ነበር። ራስን መውቀስ ሥራውን ይበልጥ አስጠሊታ ያደርገዋል፤ ያስጠላንን ደግሞ እንሸሻለን።

እኛስ?

የጻፍነው ለመልሱ ዋዜማ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ገጽ ሳይሆን አሥራ አንድ መስመር። አነበብነው። እማዬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ እህታችን አቀፈችን፣ ሰው አጨበጨበ። "በመጨረሻ ሰዓት ሲሆን ነው የሚያምርልን" ብለን ልናልፈው ነበር።

እንግዳው ሲበተን የአባታችን እህት ጠራችን። "ለምን አልጠየቃችሁኝም?" አለች። እሷ ስትዳር አባታችን ትንሽ ልጅ ነበር። ለጠላው ውሃ ከወንዝ ሦስት ቀን ሙሉ ተሸክሟል አሉ። የሰርጉ ቀን ግን ደክሞት ጎተራ ሥር ተኛ፤ ሙሽራይቱ በበቅሎ ስትሄድ አላያትም። "ሲነቃ እህቴን ማን ወሰዳት ብሎ መንደሩን በለቅሶ አናወጠው" አለችን፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ይህን ሰምተን አናውቅም። ጽሑፉ ውስጥ መግባት የነበረበት ይሄ ነበር።

ዛሬ ነገ ስንል የሚቀርብን የጽሑፉ ማማር ብቻ አይደለም፤ የመጠየቂያ ጊዜው ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማንም አክስት አይቀሰቀስም። ለሦስት ሳምንት አጠገቧ ሽንኩርት ስንከትፍ ነበር፤ ድምፅ መቅጃ ያለው ስልክም ኪሳችን ውስጥ ነበር።

የሚጻፍ ነገር አለባችሁ? ዛሬ መጻፍ ካቃታችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ጠይቁ።