ያልሮጠ ልጅ አይተኛም

አምና የልጄ አስተማሪ አስጠርታ አነጋገረችኝ። ልጁ አራት ዓመቱ ነው። «ሌሎቹ ሲያርፉ እሱ ይቁነጠነጣል፤ በጨዋታ ሰዓት ደግሞ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። ለመሆኑ ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት ይተኛል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እንደ ብዙዎቻችሁ የሌሊት ሺፍት ሠራተኛ ስለሆንኩ የልጄን እንቅልፍ የማውቀው በወሬ ነበር።

ቤታችን እዚሁ ሳን ሊያንድሮ፣ ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ናት። ልጁ ከመዋያ ሲመለስ እኔ ገና አልጋ ላይ ነኝ። «ዝም በል፣ አባትህ ተኝቷል» ይባልና ታብሌቱን ይዞ ሶፋ ላይ ይወሸቃል። ትንሽ ከሮጠ የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። ማታ እኔ ለሥራ ጫማዬን ሳስር እሱ ሩጫውን ይጀምራል። እኛም «ጠገበ» ብለን እንቆጣለን። እኛ ጥጋብ የምንለው ግን ብዙ ጊዜ ድካም ነው፤ የደከመ ሕፃን እንደ አዋቂ ጋደም አይልም፣ ያብዳል እንጂ። ታብሌት ይዞ ሲቀመጥም ዝም አለ እንጂ አላረፈም።

በልጅነታችን ይህን ያስተማረን የለም። ሰኞ ማክሰኞ፣ አባሮሽ፣ ድብብቆሽ ስንጫወት ይመሻል፤ እራት ሳናልቅ እንቅልፍ ይጥለናል። ይህን የወላጆቻችን ጥበብ ነበር ብዬ አላሞካሽም። መብራት የለም፣ ተኛን!

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 3 እና 4 ዓመት የሆኑ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚህም ቢያንስ 60ው ጠንከር ያለ እንዲሆን፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙ፣ ስክሪን ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። በሚቀመጡበት ጊዜ ተረት ቢነገራቸው ይሻላል ይላል። የካሊፎርኒያ ደንብም የሕፃናት መዋያዎች ለእያንዳንዱ ልጅ ያለ ሁካታ የሚተኛበት ወይም የሚያርፍበት ዕድል እንዲሰጡ ያዛል። እንግዲህ ጉድለቱ ከኔ ቤት ነበር።

አሁን አንድ ሰዓት ቀድሜ እነሣና ኦይስተር ቤይ እወስደዋለሁ። ድሮ የቆሻሻ መጣያ የነበረ፣ ዛሬ ሣር የለበሰ ቦታ ነው፤ ከጎኑ የኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ጉብታውን ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣል። ለመሄድ ስንል ክንዱን ይዤ አልጎትተውም፤ «ሦስት ጊዜ ብቻ ውረድ» እለዋለሁ፣ ራሱ ይቆጥራል። ከዚያ ሣሩ ላይ ተጋድመን እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። «ልቤ እየሮጠ ነው» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «አሁን ቀስ እያለ ነው» ይላል። ማረፍን የተማረው በዚህ ይመስለኛል።

ሁልጊዜ አይሳካም። ቅዳሜ ልደት ወይም ሰርግ ካለ የሳምንቱ ልፋት ገደል ይገባል። እኩለ ሌሊት ላይ ሕፃናቱ በወንበር መሐል ሲራወጡ «እንዴት ደስ ብሏቸዋል!» እንላለን። እኔም እል ነበር። ዛሬ ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጄን ይዤ ስወጣ የሚያኮርፉኝ ወዳጆች አሉ፤ ያኩርፉ።

በአዘቦት ቀን እራት ተበልቶ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደብረ ማርቆስ ለእናቴ እንደውላለን። በበጋ እዚያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ስለሚሆን ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ተነሥታ ነጠላዋን እየፈለገች ነው። ስልኩን ትራሱ አጠገብ እናደርጋለን፤ ተረቷን ትጀምራለች። ትናንት ጅቡ ገና ከጎሬው ሳይወጣ ልጁ ተኛ። እሷ ግን አላወቀችም፤ እስከ መጨረሻው ተረተችው። እኔም ጫማዬን እያሰርኩ አዳመጥኩ።