ጥልቀት በሌለው ባሕር ዳርቻ፦ የሃፕሳሉ ከተማ ታሪክ፣ ሕዝብና የአየር ጠባይ



የዛሬው ገለጻዬ በኢስቶኒያ ምዕራባዊ ዳርቻ ስለምትገኘው ስለ ሃፕሳሉ ከተማ ነው። ሃፕሳሉ ከዋና ከተማው ከታሊን በስተደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የተቆረቆረች፣ 10,000 ገደማ ነዋሪዎች ያሏት ትንሽ ከተማ ናት። ትንሽነቷ ለጥናት ያመቻል። በታሪካዊ መልክዓ ምድር ትምህርት ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የአንድን ሕዝብ ዕጣ ተፈጥሮ ምን ያህል ይወስነዋል የሚለው ነው። ጥያቄውን በሰፊ አገር ላይ ስንመረምረው ምክንያቶቹ ተደራርበው ያስቸግሩናል፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ግን ነጥሎ ማየት ይቻላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን፣ በጋ ስል የሙቀቱን፣ ክረምት ስል የቅዝቃዜውን ወራት ማለቴ መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከምድሩ ልጀምር። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሰሜን አውሮፓን ሸፍኖ የነበረው ግግር በረዶ እጅግ ወፍራምና ከባድ ነበር። ያ ሸክም ቀልጦ ሲነሣ፣ ከሥሩ ተጭኖ የኖረው የምድር ቅርፊት ቀስ በቀስ ወደ ላይ መመለስ ጀመረ፤ ዛሬም አላቆመም። በሃፕሳሉ አካባቢ ምድሩ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ እምብዛም የማይታይ ለውጥ ነው፤ በ700 ዓመት ውስጥ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይጠጋል። በሜዳማ ዳርቻ ላይ ይህን ያህል ከፍታ ደሴትን ከየብስ ሊያገናኝ ይችላል። ከሃፕሳሉ ባሕረ ሰላጤ ማዶ የሚገኘው ኖአሮትሲ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል።

የምድሩ መነሣት ባሕረ ሰላጤውን እያሳነሰ መጥቷል። የባልቲክ ባሕር ደግሞ ብዙ ወንዞች የሚገቡበትና ከውቅያኖስ ጋር በጠባብ መተላለፊያ ብቻ የሚገናኝ በመሆኑ ጨዉ አነስተኛ ነው፤ በዚህ ዳርቻ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 6 ግራም ያህል ጨው ሲገኝ፣ በውቅያኖስ ግን 35 ግራም ይደርሳል። ጥልቀት የሌለው ውኃ በበጋ ቶሎ ይሞቃል፤ ጨዉም ያነሰ ስለሆነ በክረምት ፈጥኖ በረዶ ይሆናል። አካባቢው በ59ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አቅራቢያ ስለሚገኝ በጁን መጨረሻ የቀኑ ርዝመት 18 ሰዓት ከመንፈቅ ያህል ሲሆን፣ በዲሴምበር መጨረሻ ግን ከ6 ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ብርቱ ቅዝቃዜ በሚሆንባቸው ዓመታት ባሕሩ ላይ መንገድ ይከፈታል። ከሃፕሳሉ ወደ ኖአሮትሲ በየብስ ዞሮ የሚሄድ መንገደኛ በበረዶው ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነድቶ ይደርሳል። ሕጉ ለእንግዳ ሰው ያስገርማል። መኪናው ቢሰጥም ተሳፋሪው ፈጥኖ እንዲወጣ የደኅንነት ቀበቶ ማሰር አይፈቀድም፤ በሰዓት ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት መንዳትም ክልክል ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ከበረዶው ሥር የሚፈጥረው ማዕበል በረዶውን ሊሰብረው ይችላል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልሻገር። ሃፕሳሉ በ1279 የከተማነት መብት አግኝታ የኦዘል-ቪክ ጳጳስ መንበር ሆነች። ጳጳሱ መንፈሳዊ አባት ብቻ ሳይሆን የግዛቱም ገዥ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽና ካቴድራሉ እስካሁን በከተማዋ መካከል ይታያሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን በሊቮኒያ ጦርነት ጳጳሳዊው ግዛት ፈረሰ፤ ከተማዋም በስዊድን እጅ፣ ከ1710 በኋላም በሩሲያ እጅ ወደቀች። የጦርና የክህነት ማዕከልነቷ በዚህ አበቃ።

ዳግመኛ ያነሣት የባሕሩ ጭቃ ነው። ጸጥ ባለውና ጥልቀት በሌለው ባሕረ ሰላጤ ግርጌ ደቃቅ ጥቁር ጭቃ ለዘመናት ሲጠራቀም ኖሯል። የአካባቢው ሰዎች የመገጣጠሚያ ሕመምን በዚህ ጭቃ ሲያክሙ ያስተዋለው ሐኪም ካርል አብርሃም ሁኒዩስ በ1825 የጭቃ ሕክምና ተቋም አስከፈተ። ከዚያ በኋላ የሩሲያ መኳንንትና የጥበብ ሰዎች በየበጋው ይጎርፉ ጀመር፤ የሙዚቃ ደራሲው ቻይኮቭስኪ የ1867ን በጋ በዚያ አሳልፎ ለፒያኖ የደረሰውን አንድ ሥራ በከተማዋ ስም ሰይሞታል። የባቡር ጣቢያው በ1907 ሲጠናቀቅ፣ እንግዶች ዝናብ እንዳይነካቸው 216 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ጣራ መሳፈሪያ ተሠራለት። የከተማዋ ሴቶችም ስስ የሱፍ ሻሽ በእጃቸው እየሠሩ ለበጋ እንግዶች ይሸጡ ነበር፤ የሻሹ ጥራት የሚፈተነው በጣት ቀለበት ውስጥ በማሳለፍ ነው።

እስካሁን ያለው ሁሉ ተፈጥሮ ዕጣን ይወስናል የሚለውን አሳብ የሚደግፍ ይመስላል። የሕዝቡ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል።

በዚህ ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ ከኢስቶኒያውያን ጎን ለጎን ስዊድንኛ ተናጋሪዎች ኖረዋል። በጽሑፍ መጀመሪያ የምናገኛቸው በ1294 በሃፕሳሉ የከተማ ሕግ ውስጥ ነው። አጥማጆች፣ ገበሬዎችና መርከበኞች ነበሩ፤ የራሳቸው ዘዬና አልባሳት ነበሯቸው፤ ምድራቸውንም አይቦላንድ ይሉት ነበር። እዚህ ላይ የእኛን ታሪክ የሚነካ ነጥብ አለ። የመጀመሪያ መልእክተኞቹ በ1866 ምጽዋ የደረሱለትና ኋላ ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን ያዘጋጀው ኦነሲሞስ ነሲብ የተማረበት የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን፣ በ1873 ደግሞ ሁለት መምህራንን ወደ ኖአሮትሲና ወደ ቮርምሲ ደሴት ልኳል። በሁለቱም ስፍራ የሥራው መሠረት በሕዝቡ ቋንቋ ማንበብን ማስተማር ነበር።

በ1934 በተደረገው ቆጠራ እነዚህ ሰዎች ከ7,600 በላይ ነበሩ። በ1939 የሶቪየት ጦር ሠፈሮች ወደ ዳርቻው መግባት ሲጀምሩ የአንዳንድ ደሴቶች ነዋሪዎች ቀያቸውን እንዲለቁ ተገደዱ። ከ1943 እስከ 1944 ባለው ጊዜ፣ የሶቪየት ጦር ተመልሶ በሚቃረብበት ወቅት፣ አብዛኞቹ ባሕሩን ተሻግረው ወደ ስዊድን ሄዱ። ከእነርሱ ጋር ብዙ ኢስቶኒያውያንም ተሰደዱ፤ ለአስትሪድ ሊንድግሬን የልጆች መጻሕፍት ሥዕል በመሣል የታወቀችው ኢሎን ቪክላንድ ከሃፕሳሉ የወጣችው በ1944 በ14 ዓመቷ ነው። 650 ዓመት የኖረ ማኅበረሰብ በሁለት ዓመት ውስጥ ከምድሩ ተለየ። ከ1944 በኋላ ዳርቻው የተዘጋ የድንበር ቀጠና ሆነ፤ አጥማጁ እንኳ ወደ ባሕሩ የሚወጣው በፈቃድ ነበር።

ተማሪዎቼ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። በ1944 የባሕሩ ጥልቀትም፣ የውኃው ጨውም፣ የክረምቱ ርዝመትም አልተለወጡም። ሕዝቡን ያፈለሰው የመንግሥታት ውሳኔ ነው። ተፈጥሮ ለሃፕሳሉ ጭቃውን፣ የበረዶ መንገዱንና ሞቃቱን ውኃ ሰጥታለች፤ በዚያ ምድር ላይ ማን እንደሚኖር የወሰኑት ግን ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ደግሞ ተፈጥሮው ራሱ በሰው እጅ እየተለወጠ ነው። የዓለም የባሕር ወለል በዓመት ከ3 ሚሊሜትር በላይ እየጨመረ በመሆኑ፣ ምድሩ በመነሣት ያገኝ የነበረው ብልጫ እየጠፋ ነው። በጃንዋሪ 2005 በተነሣው ማዕበል ባሕሩ ወደ ከተማዋ ጎዳናዎች ገብቷል። ክረምቱ እየለዘበ በመሄዱም የበረዶው መንገድ ሳይከፈት የሚያልፍባቸው ዓመታት በዝተዋል። የመንገደኞች ባቡር በ1995 ቆሟል፤ ጣቢያው ሙዚየም ሆኗል። የባሕር ዳርቻው ስዊድናውያን መታሰቢያም በከተማዋ በሚገኝ ሌላ ሙዚየም ተጠብቋል፤ ጀልባዎቻቸውና አልባሳታቸው እዚያ አሉ። ከልጅ ወደ ልጅ የሚወርስ የመንደር ቋንቋቸው ግን በሙዚየም ሊጠበቅ አልቻለም።

ስለዚህ ስለ ማንኛውም ከተማ ጥናት ስትጽፉ የአየር ጠባዩንና የመሬት አቀማመጡን በመግቢያ ጠቅሳችሁ አትለፉት፤ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ተፈጥሮ ማስረዳት የማይችልበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ቁሙና ማን፣ መቼ፣ በምን ሥልጣን እንደወሰነ ጠይቁ።