የዘር ድንቹን ማን ይይዘዋል?

በስልክ ስለሚገዛ ድርሻ ለጀማሪዎች የተሰጠ የሬዲዮ ትምህርት

በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በየማዳመጫ ጣቢያው የተሰበሰባችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርጉት። የቡድኑ መሪ ጠመኔውን ይያዝ፤ ዛሬ በሰሌዳው ላይ አምስት ቃላት እንጽፋለን። እነዚህ ቃላት ከመቀነታችን የሚወጣውን ብር የሚጠብቁ ናቸውና ፊደላቸውን ብቻ ሳይሆን ትርጉማቸውንም እንይዛለን።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። በቅርቡ የማታውን ትምህርት ጨርሰን ስንወጣ አንድ አዛውንት ተማሪያችን ወደ ኋላ ቀሩና፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ።

«ይጠይቁኝ አባባ» አልኋቸው።

«አዲስ አበባ ያለው ልጄ ደውሎ፣ ‹አባ፣ የድንቹን ብር ላክልኝና በስልክ ድርሻ ልግዛልህ፤ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ይወልዳል› ይለኛል። ለመሆኑ ድርሻ ማለት ምንድን ነው? በዐይን የማይታይ ነገር የት ነው የሚቀመጥ? ብሩ ትርፍ ብር አይደለም እኮ፤ የልጅቱ ትምህርት ቤት ወጪ ከሱ ነው የሚወጣ።»

በዚያች ቅጽበት አልመለስሁላቸውም። ያልቸኮልሁበት ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባልደረቦቼ፣ «በስልካችሁ ገንዘብ አስገቡ፤ በየቀኑ ትርፍ ይመጣላችኋል» ተብለን ከደመወዛችን ቀንሰን አስገባን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በስልኩ መስኮት ላይ ቁጥሩ ሲያድግ እናያለን፤ ደስ ይለናል። ብሩን እናውጣ ስንል ግን፣ «መጀመሪያ ሌሎች ሰዎች አምጡ» ተባልን። ቀጥሎ ደወልን፤ የሚመልስ ጠፋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው። ከብሩ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው፤ ፊደል አስተማሪ ሆኜ ሳላነብ መስማማቴ!

ታዲያ ዛሬ ለእኒያ አዛውንትና እንደ እሳቸው ለሚጠይቁ ሁሉ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የመጀመሪያው ቃል «ቁጠባ» ነው። ቁ - ጠ - ባ። ቁጠባ ማለት ገንዘብን ለነገ ማስቀመጥ ነው። በባንክ ሲቀመጥ ወለድ የሚባል ጭማሪ ያገኛል። በስልክም ይቆጠባል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «ሳንዱቅ» የተባለ የቁጠባ አገልግሎት አውጥቷል። ባንክ ቢወድቅ እንኳ ለአስቀማጩ እስከ 100,000 ብር የሚከፍል የተቀማጭ ገንዘብ መድን በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ተቋቁሟል። ስለዚህ ቁጠባ ከሁሉ ይልቅ የተጠበቀ ቦታ ነው።

ነገር ግን ነቀዝ አለው። ነቀዙም የኑሮ ውድነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 ነበር፤ የዕቃ ዋጋ ግን ከመቶ ከ30 በላይ ጨመረ። ይኸውም 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 107 ብር ሲያገኝ፣ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ130 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀው ማለት ነው። ብሩ በቁጥር አደገ፤ በእህል ሲለካ ግን አነሰ። የአዛውንቱ ልጅ «ዝም ብሎ ከሚቀመጥ» ያለው ይኸን አይቶ ነው፤ ነገሩ ከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ቃል «ቦንድ» ነው። ይኸን ቃል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ2003 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ ሲጀመር ገበሬውም፣ መምህሩም፣ ነጋዴውም ቦንድ ገዝቷል። ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ቦንድ የገዛ ሰው ገንዘቡን አበደረ እንጂ አልሰጠም፤ ቀኑ ሲደርስ ዋናውን ከነወለዱ የመቀበል መብት አለው። ወረቀቱን በሣጥን ያስቀመጣችሁ አውጡና የተጻፈበትን ቀን አንብቡ። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ መንግሥት በ2009 ዓ.ም. «ኤም አኪባ» የሚባል በስልክ የሚገዛ ቦንድ አውጥቶ ነበር። ከ3,000 የኬንያ ሽልንግ ጀምሮ ይገዛ ነበር፤ በዓመት ከመቶ 10 ወለድ ያስገኝ ነበር። አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰው ከመንደሩ ሳይወጣ በስልኩ አበዳሪ መሆን እንደሚችል ይኸ አንድ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው ቃል «አክሲዮን» ነው። አዛውንቱ «ድርሻ» ያሉት ይኸንኑ ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው አበዳሪ አይደለም፤ የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ትንሽም ቢሆን ባለቤት። ድርጅቱ ሲያተርፍ ይካፈላል፤ ሲከስር ደግሞ ድርሻው ይረክሳል። ዋናውን የሚመልስለት ማንም የለም።

በአገራችን ይኸ በስልክ የተሞከረበት ትልቁ አጋጣሚ የኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ ነው። ሽያጩ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በቴሌብር ተጀምሮ፣ ጊዜው ተራዝሞ፣ የካቲት 7 ቀን አለቀ። ለሽያጭ የቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ነበሩ፤ የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፤ ትልቁ 3,333 አክሲዮን፣ ማለትም 999,900 ብር ነበር። በመጨረሻ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዙ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ። ከቀረበው አሥር እጅ አንዱ እጅ ብቻ ተሸጠ ማለት ነው። ለምን? አንዱን ምክንያት እኛው እናውቀዋለን፤ 9,900 ብር በዚያን ጊዜ ለጀማሪ መምህር እንኳ ከወር ደመወዝ በላይ ነበር። በሩ በስልክ ተከፈተ፤ ደፉ ግን ከፍ ያለ ነበር።

የገዛ ሰው መልሶ ልሽጥ ቢልስ? ለዚህ ገበያ ያስፈልጋል። በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ፋብሪካዎች ሲወረሱ ቀረ። ከ50 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም በዚያ የተመዘገበ የመጀመሪያው ድርጅት ሆነ። ገበያው ገና ልጅ ነው። እንደ ድንች ገበያችን ሁልጊዜ ገዢ ይገኛል ብላችሁ አትቁጠሩ።

አራተኛው ቃል «ፈንድ» ነው። ይኸንን በእርሻችን እናስረዳው። አንድ ገበሬ በጉና ጥግ፣ በደጋው፣ ገብስና ድንች አለው፤ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ደግሞ ጤፍና ማሽላ አለው። ውርጭ ደጋውን ቢመታው ቆላው ያወጣዋል፤ ዝናብ ቆላውን ቢነሳው ደጋው ይደግፈዋል። መሬቱ ሁሉ ባንድ ቦታ ያለ ሰው ግን አንድ ክፉ ሌሊት ባዶ ያስቀረዋል። ፈንድም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ያ ገንዘብ ባንድ ድርጅት ላይ ሳይሆን በብዙ ድርጅቶች ላይ ይበተናል፤ እያንዳንዱም በአዋጣው ልክ ከሁሉም ይካፈላል። አንዱ ድርጅት ቢወድቅ ሌሎቹ ይቀራሉ።

ከእቁብ የሚለየው፣ እቁብ ያዋጣነውን በዕጣ በየተራ ይመልስልናል እንጂ አያበዛውም፤ አይቀንሰውምም። ፈንድ ግን ሊበዛም ሊቀንስም ይችላል። በአሜሪካ ቫንጋርድን የመሠረተው ጆን ቦግል በፈረንጅ 1976፣ ለተራው ቆጣቢ የሚሆን ርካሽ ፈንድ ሲያወጣ 150 ሚሊዮን ዶላር ይሰበሰባል ተብሎ 11 ሚሊዮን ብቻ ተገኘ፤ ሰውም ሣቀበት። አሳቡ ቀላል ነበር፦ የትኛው ድርጅት ያተርፋል እያሉ ከመገመትና ለገማቹ ብዙ ከመክፈል፣ የታወቁትን ትልልቅ ድርጅቶች ሁሉ በጥቂቱ መግዛትና መታገሥ። ዛሬ በዚህ መንገድ በስልክ የሚቆጥቡ ሰዎች በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ናቸው፤ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም አሉበት። ሆኖም በፈረንጅ 2008 እንዲህ ያለው የአሜሪካ ፈንድ ባንድ ዓመት ከመቶ 37 ያህል ወድቋል። ደንግጦ የሸጠ ሰው ከሰረ፤ ለልጁ ትምህርት ቤት ብሩን የፈለገም ሳይወድ ሸጦ ከሰረ። የታገሠው ግን ከዓመታት በኋላ አገገመ።

በአገራችን በ2013 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ፣ ቁጥር 1248፣ ፈንድንም ይመለከታል። ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ በዚህ ሥራ የሚሰማራ ሁሉ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የፈንድ ሰው ነኝ ብሎ የሚመጣን፣ «ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም።

አምስተኛው ቃል «ክፍያ» ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይጥ ናት፤ ጎተራውን በዓመታት ትጨርሳለች። ለምሳሌ ያህል 10,000 ብር ለ20 ዓመት ተቀምጦ በየዓመቱ ከመቶ 10 ያድጋል እንበል። ይኸ ለሒሳቡ ያህል ነው እንጂ ማንም ቃል ሊገባው አይችልም። ፈንዱን የሚያስተዳድረው በዓመት ከመቶ 20 ሣንቲም ብቻ ቢወስድ፣ በመጨረሻ 64,800 ብር ገደማ ይኖረናል። ከመቶ 2 ብር ቢወስድ ግን 46,600 ብር ገደማ ብቻ ይቀረናል። በ«ሁለት ብር» ከ18,000 ብር በላይ ሄደ! ርካሽ ፈንድ የሚባለው እንግዲህ ይህች አይጥ የከሳችበት ነው።

አምስቱን ቃላት ጨረስን። አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ።

አባባ፣ ድንች ሲያወጡ በሦስት ይከፍሉታል፤ የሚበላ፣ የሚሸጥ፣ ለዘር የሚቀመጥ። የዘር ድንቹን የሚበላ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ የሚበላውንም አፈር ውስጥ የሚቀብር የለም። ብርም እንዲሁ ነው። የልጅቱ ትምህርት ቤት ብር የሚበላ ድንች ነው፤ አክሲዮን ላይ አይዘራም። ለሕመምና ለክፉ ቀን የሚሆነውም እንዲሁ፤ እሱንም ከፊሉን በእጅ መያዝ ይበጃል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲጠፋ፣ በስልክ ብቻ የተቀመጠ ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ አይተናል። ለዘር የሚሆነው ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የማይነካ፣ ቢቀንስም ቤት የማያስርብ ብር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ብር ካለዎት ልጅዎን አራት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ የምትገዛልኝ ቦንድ ነው፣ አክሲዮን ነው ወይስ ፈንድ? ሁለተኛ፣ ሻጩ ፈቃድ ያለው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ክፍያው ስንት ነው፤ ስፈልግስ መልሼ የምሸጠው የት ነው? አራተኛ፣ ይኸ ከሁሉ ይበልጣል፣ በማን ስም ይመዘገባል? ልጁ ደግ ልጅ ይሆናል፤ ነገር ግን በልጁ ስም የተመዘገበ ድርሻ በሕግ ፊት የልጁ ነው። ነገ አንድ ነገር ቢደርስ እህቱ ምን ይዛ ትከራከራለች? የዘር ድንቹን ማን ይይዘዋል ያልሁት ለዚህ ነው።

ለሁላችንም አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ስንወርድ ብዙዎቻችን ስልካችንን ለባለ ሱቁ ሰጥተን፣ ምስጢር ቁጥራችንን ነግረን፣ «ላክልኝ፣ አውጣልኝ» እንላለን። ማንበብ ስለማንችል ነው። ባለ ሱቁ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ይባላል። *127# ብሎ ደውሎ፣ የመጣውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ምስጢር ቁጥሩን በራሱ ጣት የጻፈ ሰው የመጀመሪያውን ድርሻ ገዝቷል ማለት እችላለሁ። ያ ድርሻ የገዛ ገንዘቡ ባለቤትነት ነው። በየቀኑ ትርፍ እሰጣለሁ የሚል፣ ዛሬውኑ ካላስገባህ ያመልጥሃል የሚል፣ ሰው አምጣ የሚል ሲመጣ ደግሞ ስልኩን ዝጉት። እኔ ይኸን የተማርሁት በደመወዜ ነው፤ እናንተ በነፃ ተማሩት።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። አንደኛ፣ ቁጠባ፣ ቦንድ፣ አክሲዮን፣ ፈንድ፣ ክፍያ የሚሉትን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር በእጃችሁ የገባውን ብር በሦስት መደብ ክፈሉ፤ የሚበላ፣ ለክፉ ቀን፣ ለዘር። ለዘር የሚለው ባዶ ቢሆን አትፈሩ፤ ባዶ መሆኑን ጽፎ ማወቅም ትምህርት ነው። ሦስተኛ፣ በቡድን ተወያዩ፦ በቤታችሁ የስልኩን ምስጢር ቁጥር የሚያውቀው ማን ነው?

እኒያ አዛውንት ከትናንት በስቲያ መጥተው ነበር። ልጃቸውን በስልክ እንደጠየቁትና «በማን ስም?» ሲሉት ዝም እንዳለ ነገሩኝ። «ከዝምታው በኋላስ?» አልኋቸው። «‹በአንተ ስም አባ፤ ግን አንተ ራስህ መፈረም አለብህ› አለኝ» ብለው ሣቁ። አሁን በማታው ክፍል ስማቸውን መጻፍ እየተለማመዱ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።